ሆዴ ሲታወክ ጭንቀቴም ይብሳል፤ ይገናኛሉ?

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ከስድስት ወር ወዲህ ያለ ምክንያት ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። በዚያው ሰሞን ሆዴ መንፋትና መጮህ ጀመረ። ጠዋት ምግብ ስለማያሰኘኝ እስከ ምሳ የምቆየው በቡና ነው፤ በቀን አምስት ስኒ እጠጣለሁ። «የደስታ ሆርሞን 90 በመቶው አንጀት ውስጥ ስለሚመረት ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዘ እንክብል) ውሰዱ» የሚል ምክር አነበብኩ። ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያነበቡት ቁጥር ከእውነቱ አይርቅም፤ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። የደስታ ሆርሞን የሚባለው ሴሮቶኒን አብዛኛው የሚመረተው በእርግጥ አንጀት ውስጥ ነው። ነገር ግን ከደም ወደ አንጎል አያልፍም፤ እዚያው ሆኖ የአንጀትን እንቅስቃሴ ይመራል። አንጎል የሚያስፈልገውን ራሱ ይሠራል።

ግንኙነቱ በሌላ በኩል ነው። አንጎልንና የሆድ ዕቃን የሚያገናኝ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ። ከክሮቹ አብዛኞቹ መልእክት የሚያደርሱት ከታች ወደ ላይ ነው። ስለዚህ የተቆጣ አንጀት አንጎልን ሲነዘንዝ ይውላል፤ የተጨነቀ አንጎልም በተራው አንጀትን ያውካል። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ያለ የመጀመሪያው ሰው ነርቩን ባያውቀውም በደንብ ገልጾታል።

ጥያቄዎን ሳነብ ግን ዓይኔ ያረፈው ቡናው ላይ ነው። ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌይን፣ ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም የካፌይኑ ግማሽ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ምግብ ሳይቀመስ ረጅም ሰዓት ሲታለፍ ደግሞ አንዳንድ ሰው የደም ስኳሩ ሲወርድ አድሬናሊን የተባለውን የድንጋጤ ሆርሞን ይለቃል። ሁለቱም ልብ ያስመታሉ፣ እጅ ያንቀጠቅጣሉ። አንጎል ይህን ከአደጋ ለይቶ ስለማያውቀው ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ምልክቱን ያብሰዋል። ለሦስት ሳምንት ጠዋት ጥቂትም ቢሆን ይብሉ፤ እንቁላል ወይም እርጎ ይበቃል። ቡናውን በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ ይቀንሱ። በአንዴ ካቆሙት ራስ ምታቱ ያስመርርዎታል።

ምግብ በስሜት ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚለው፣ አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ድባቴ የያዛቸው 67 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተሳትፈውበታል። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት እንዲያዘወትሩ ከተረዱት ሲሶ ያህሉ ከድባቴው ሲወጡ፣ በወሬ ብቻ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ከተመደበላቸው የወጡት 8 በመቶ ናቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ብዙዎቹም ሌላ ሕክምና ላይ ነበሩ። ስለዚህ ምግብን ከሕክምና ጎን እንጂ በሕክምና ቦታ አላስቀምጠውም። የታዘዘልዎ መድኃኒት ካለ አያቋርጡ።

ጥራጥሬውን ቀስ ብለው ያብዙ፤ ድንገት ከበዛ መንፋቱ ይብሳል። የፕሮባዮቲክ እንክብል በጭንቀት ላይ ያሳየው ውጤት ወጥ አይደለም፤ እኔ ብሆን ገንዘቤን አላወጣበትም።

ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት ግን የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ)፣ የደም ማነስ፣ የብረትና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ያድርጉ። ከመጠን በላይ የሚሠራ ታይሮይድ ልክ እንደ ጭንቀት ነው የሚያስመስለው። ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ሰገራ ላይ ደም ከታየ ወይም ተቅማጥ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰዎት ቶሎ ይታዩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ሦስት ሳምንቱን አይጠብቁ፤ ለሚያምኑት ሰው ነግረው በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ።