በሦስት ወር ሲሲኤንኤ? ከመክፈልሽ በፊት

እህቴ፣ «በሌቨል 4 በሃርድዌርና ኔትወርክ ተመርቄ ሲኦሲ አልፌያለሁ። አንድ ማሰልጠኛ በሦስት ወር ሲሲኤንኤ ጨርሰሽ ሥራ ትገቢያለሽ እያለኝ ነው። ልክፈል ወይስ ዲግሪዬን በማታ ልቀጥል? ለሴትስ ይከብዳል?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። ሥራው ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ፣ ጀማሪ ሲቀጠርም ጠያቂ ሆኜ እቀመጣለሁ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ ሁለቱን ለይተሽ እዪ። ማሰልጠኛው የሚሰጥሽ ወረቀት ኮርስ መከታተልሽን እንጂ ሲሲኤንኤ መሆንሽን አይመሰክርም። ሲሲኤንኤ የሚባለው የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ ራሱ የሚያወጣው ፈተና ነው። ቁጥሩ 200-301፣ ጊዜው 120 ደቂቃ፣ ዋጋው 300 ዶላር ሲሆን የምትፈተኚው ፒርሰን ቪው በሚባለው ፈታኝ ድርጅት በኩል ነው፤ ካለፍሽ ለ3 ዓመት ያገለግላል። ሲቪ ላይ «ሲሲኤንኤ» ብሎ የጻፈውን ሁሉ «ፈተናውን ነው ወይስ ኮርሱን?» ብለን ስንጠይቅ ብዙው አንገቱን ይደፋል። ዋጋውንም አስቢው። በ2016 ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 300 ዶላር በባንክ ዋጋ 17 ሺህ ብር ገደማ ነበር፣ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ወድቀሽ ድጋሚ ብትፈተኚ እንደገና ሙሉውን ትከፍያለሽ።

እና ለማሰልጠኛው ልክፈል ላልሽው፣ እኔ ብሆን አሁን አልከፍልም። የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ መነሻ ኮርሶቹን በነፃ ይሰጣል፣ ኔትወርክን ኮምፒውተር ላይ አስመስለሽ የምትለማመጂበት ፓኬት ትሬሰርም በነፃ ይወርዳል፤ የሚጠይቅሽ ደህና ላፕቶፕና አልፎ አልፎ የዳታ ጥቅል ነው። መምህር የግድ ያስፈልገኛል ካልሽ፣ ማሰልጠኛው በእጅ የሚነካ ስዊች (በአንድ ኔትወርክ ያሉ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘው) እና ራውተር (ኔትወርክን ከኔትወርክ የሚያገናኘው) እንዳለውና ለአንድ ስዊች ስንት ተማሪ እንደሚደርስ ሄደሽ በዓይንሽ አይተሽ ወስኚ። ፕሮጀክተር ላይ ስላይድ ለማየት ብር አይከፈልም።

ምን ልለማመድ ትዪኝ ይሆናል። ፓኬት ትሬሰር ላይ ሁለት ራውተር፣ ሁለት ስዊች፣ አራት ኮምፒውተር አስቀምጪ። ቪላን (አንዱን ስዊች ወደ ተለያዩ ኔትወርኮች መክፈያ) ከፍለሽ በትራንክ (ብዙ ቪላን በአንድ ገመድ በሚያሳልፈው መስመር) አገናኚያቸው፣ ዲኤችሲፒ (አድሬስ በራሱ የሚያድለውን) ስጪያቸው፣ በኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ በሚነጋገሩበት ደንብ) መንገድ አስተምሪያቸው፣ ኤሲኤል (ማን እንደሚያልፍ የሚወስን ዝርዝር) ጽፈሽ አንዱን ከልክዪ። ሁሉም ሲሠራ ግን ገና ግማሽ ላይ ነሽ። ከዚያ ጓደኛሽ አንድ ነገር እንዲያበላሽ አድርጊና ምን እንደነካ ሳይነግርሽ ፈልጊው። ሳብኔቲንግን (አንድን ኔትወርክ ወደ ትንንሽ ኔትወርኮች መከፋፈልን) ያለ ካልኩሌተር እስክትሠሪ ድረስ ደጋግሚ። ስላሽ 26 ሲባል 255.255.255.192፣ 64 አድሬስ፣ ለመሣሪያ የሚሆነው 62 የሚለው ሳታስቢ ይምጣልሽ። ፈተናው ላይ ትልቁን ድርሻ፣ 25 በመቶውን፣ የያዘው የአይፒ ራውቲንጉ ክፍል ነው፤ አውቶሜሽን 10 በመቶ ብቻ ስለሆነ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሳልማር ለፈተና አልቀመጥም ብለሽ አትዘግዪ።

ብልሽት ፈልጊ ማለቴ ለምን እንደሆነ አንድ ጉዳይ ልንገርሽ። አንድ መሥሪያ ቤት ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግማሹ ሠራተኛ ኢንተርኔት የለውም፣ ግማሹ በሰላም ይሠራል። እንደ ልማዱ ሁሉም «ቴሌ ነው» አለ። ቴሌ ቢሆን ግን ሁሉም ነበር የሚቋረጥበት። ካልሠራው ኮምፒውተር አንዱ ላይ አድሬሱን የሚያሳየውን የአይፒኮንፊግ ትእዛዝ ሰጥተን ስናይ አድሬሱ በ192.168.0 ይጀምራል፤ የፎቁ አድሬስ ደግሞ በ10 የሚጀምር ነው። ጌትዌዩም (ወደ ውጭ መውጫ በሩ) 192.168.0.1 ሆኗል። ይህን አድሬስ የሚያድል ሌላ መሣሪያ አለ ማለት ነው። በኤአርፒ ትእዛዝ የጌትዌዩን ማክ አድሬስ (የመሣሪያውን መለያ ቁጥር) ያዝን፣ ስዊቹ ላይ ገብተን የማክ ሠንጠረዡን ስናይ ከየትኛው ፖርት እንደሚመጣ ታየ፣ ኬብሉን ተከትለን ሄድን። ጠረጴዛ ሥር አንድ ሠራተኛ ለስልኩ ዋይፋይ እንዲሆነው ከቤቱ ያመጣት ትንሽ ራውተር ተሰክታለች፤ ያውም ገመዱ በዋን (በውጭ መስመር) ፈንታ በላን (በውስጥ) ፖርቷ ገብቶ። ጠዋት ኮምፒውተሩን የከፈተ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ዲኤችሲፒ ሰርቨርና ከዚህች ራውተር ቀድሞ ከመለሰለት ነው አድሬስ የወሰደው፤ የትናንቱ ሊዝ (አድሬሱ የተሰጠበት ጊዜ) ያላለቀበት ደግሞ በዚያው ቀጠለ። «ግማሹ ብቻ» የሆነው ለዚህ ነው። ራውተሯን ነቅለን ኮምፒውተሮቹ አድሬስ እንዲያድሱ አደረግን፣ ከዚያ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ (ያልተፈቀደ አድሬስ አዳይን የሚያግደው የስዊች መከላከያ) ተከፍቶ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ፖርት ብቻ ታማኝ ተባለ።

ይህንን ጉዳይ ቃለ መጠይቅ ላይ እንደ ጥያቄ አቀርበዋለሁ። ዳምፕ (ሾልኮ የወጣ የፈተና ጥያቄና መልስ) ሸምድዶ ፈተናውን ያለፈ ልጅ «ራውተሩን ሪስታርት አደርጋለሁ» ይለኛል። ላብ ላይ የቆየው ግን «የሚሠራውንና የማይሠራውን አወዳድራለሁ» ብሎ ይጀምራል፤ ሰርተፊኬት ባይኖረውም እሱን ነው የምይዘው። ዳምፕ ይቅርብሽ የምልሽ ለሥነ ምግባር ብቻ ብዬ አይደለም፣ ከተቀጠርሽ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ያሳጣሻል።

የመጀመሪያ ሥራሽ «ኔትወርክ ኢንጂነር» የሚል መጠሪያ አይኖረው ይሆናል። የደኅንነት ካሜራና ኔትወርክ የሚገጥሙ ትንንሽ ድርጅቶች ሌቨል 4 ይቀበላሉ። እዚያ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ እያልሽ የኔትወርክ ኬብሉን ሽቦዎች በቀለም ደርድረሽ ጫፉን ስትመቺ ትውያለሽ። አትናቂው። ኬብሉ ከ100 ሜትር ሲያልፍ፣ ከመብራት ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ ሲያልፍ፣ ራክ ክፍሉ ሲሞቅ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዩፒኤስ የሌለው ስዊች ምን እንደሚሆን የምታዪው እዚያው ነው። ፓኬት ትሬሰር ላይ መብራት አይጠፋም።

ከዚያ በኋላ እንደምትሄጂበት ይለያያል። ወደ ቴሌኮም ካሰብሽ የሁዋዌን መሣሪያ መልመድ አለብሽ፤ ኤችሲአይኤ የሚባለው የሁዋዌ ሰርተፊኬት መነሻ ደረጃው ነው። ሲስኮ ላይ «ሾው» የምትይው ትእዛዝ እዚያ «ዲስፕሌይ» ይሆናል እንጂ ኦኤስፒኤፍ ያው ኦኤስፒኤፍ ነው። ባንክ ከሆነ ቅርንጫፍ ከዋና መሥሪያ ቤት የሚገናኝበትን ቪፒኤን (የተመሰጠረ የግል መስመር)፣ መንገድ ሲቆፈር ፋይበሩ ቢቆረጥ ወደ መጠባበቂያው መስመር እንዴት እንደሚዞር፣ ፋየርዎልንም (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደውን) እወቂ። የፋየርዎል አምራቹ ፎርቲኔት በራስ የሚጠናውን ሥልጠናውን በነፃ ከፍቶታል፣ ተጠቀሚበት።

ለሴት ይከብዳል ወይ ላልሽው፣ ኮርኒስ ውስጥ ኬብል መሳብ ለወንድም አይቀልም። የሚያስቸግረው የሌሊት ሥራው ነው፤ ባንክ ውስጥ ትልቅ ለውጥ የሚደረገው ቀን ሥራ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስትቀጠሪ ማታ ሰርቪስ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ አትፈሪ፤ ወንዶቹም ይጠይቃሉ።

ዲግሪውን ግን ቀጥዪ። ይህን የምልሽ ከሌቨል 4 በላይ የኔትወርክ እውቀት ይሰጥሻል ብዬ አይደለም፤ የባንክ ማስታወቂያ ሁሉ ማለት ይቻላል ቢኤስሲ ስለሚል፣ የሰው ኃይል ክፍሉ ሲያጣራ ስምሽ እኛ ጋ ሳይደርስ ይወድቃል። በማታ እየተማርሽ ቀን ገጠማ ሥሪ፣ የፈተናውን ብር በዚያው አጠራቅሚ። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ ኔትወርክ የሚመለከቱትን ኮርሶች ከላብሽ ጋር አብረሽ አጥኚያቸው። የላፕቶፕሽን ራምና ፕሮሰሰር ጻፊልኝ፤ ኢቪኢ-ኤንጂ የሚባለውን፣ ከፓኬት ትሬሰር የከበደውን የላብ ሶፍትዌር ይችል እንደሆነና ከየትኛው ላብ ብትጀምሪ እንደሚሻል እነግርሻለሁ።