ሲኒው በራሱ እንዲሄድ፦ ስለ ስቶፕ ሞሽን የአንባቢዎች ጥያቄ

በዚህ ዕትም ከወሎ የመጡ ጥያቄዎችን አሰባስበናል። ሁሉም ከእህት ወይም ከወንድም ጋር ቤት ውስጥ ዕቃን በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሱ፣ አንድ አንድ ፎቶ እያነሱ ፊልም ስለመሥራት ነው።

ከደሴ፦ እኔና የ10 ዓመት ወንድሜ በእናታችን ሞባይል አንድ ፊልም ሠራን። የቡና ሲኒዎች ከረከቦት ወርደው ጀበናዋን ሲከቧት ያሳያል። ከቀትር ጀምረን 96 ፎቶ አነሳን። ስናየው ግን ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሥዕሉ ይዘላል፣ ወለሉም የሚተነፍስ ይመስላል። ምን አጥፍተን ነው?

መልስ፦ አብሽሪ፣ ሲኒዎቹ ላይ ያጠፋችሁት የለም። ችግሩ ዝም ብለው መቀመጥ የነበረባቸው ነገሮች አርፈው አለመቀመጣቸው ነው። በአንድ ፎቶና በሚቀጥለው መካከል የሚለወጠው ሲኒው ብቻ መሆን አለበት፤ ሌላ የተለወጠ ነገር ሁሉ ፊልሙ ላይ ይጮሃል።

ከብርሃኑ እንጀምር። በመስኮት ብርሃን ሠርታችሁ ከሆነ ደሴ ላይ አያዛልቅም። ደመና ይመጣል፣ ጉም ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጸሐይ ወደ ጦሳ ስታዘነብል ጥላው ሁሉ ይዞራል። ዓይናችሁ ስለሚለምደው አይታወቃችሁም፤ የሁለት ሰዓት ፎቶ በ8 ሴኮንድ ሲሮጥ ግን ገሃድ ይወጣል። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዱና በኤልኢዲ አምፖል ሥሩ፤ ማታ ቢሆን ይበልጥ ይቀላል። ቻርጅ የሚደረግ መብራት የምትጠቀሙ ከሆነ ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ባትሪው ሲደክም ብርሃኑም ይቀንሳልና። ነጭ ሸሚዝ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው ጠረጴዛው አጠገብ ሲንቀሳቀስ ብርሃን ይመልሳል፤ ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ፣ በየፎቶውም አንድ ቦታ ቁሙ።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ሞባይሉ ነው። ካሜራው ለእያንዳንዱ ፎቶ ብርሃኑን፣ ቀለሙንና ፎከሱን እንደ አዲስ ይመርጣል። በብዙ ሞባይሎች ስክሪኑን ተጭናችሁ ስትቆዩ የቁልፍ ምልክት ይመጣል፤ ያ ብርሃኑንና ፎከሱን ይቆልፋል። «ፕሮ» የሚል ምርጫ ካለው የተሻለ ነው፦ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የመዝጊያ ፍጥነት 1/25 ወይም 1/50 ሴኮንድ፣ የቀለም ሚዛኑም «አውቶ» ሳይሆን አንድ ቁጥር ላይ የቆመ። ፍጥነቱን የምንመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። መዝጊያው በጣም ከፈጠነ አንዱ ፎቶ ብልጭታውን፣ ሌላው ድንግዝግዙን ይይዛል።

ሥዕሉ የሚዘለው ሞባይሉን በጣት ስለምትነኩት ነው። ውኃ የተሞላ ጀሪካን ወይም ሁለት ብሎኬት አምጡና ሞባይሉን በሰፊ ላስቲክ አጥብቃችሁ እሰሩት። ስክሪኑን አትንኩ፤ በብዙ ስልኮች የኢርፎን ድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ ፎቶ ያነሳል፣ ካልሆነ የ2 ሴኮንድ ሰዓት ቆጣሪ ሙሉ። የእናት ስልክ ስለሆነ ደግሞ ወደ አውሮፕላን ሞድ አስገቡት። 60ኛው ፎቶ ላይ ሲደወል ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያም «ማነው?» ተብሎ ከነላስቲኩ ይነሳል።

የሚተነፍሰው ወለል? ቄጠማ ጎዝጉዛችሁ እንደሆነ እንገምታለን። ያማረ ሐሳብ ነበር፣ ግን እርጥብ ቄጠማ ከሰዓት ሙሉ ሲጠወልግ ይጠቀለላል፣ ሲኒውን በገፋችሁ ቁጥርም እጃችሁ ይነካዋል። አረንጓዴ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጣችሁ በኮላ ለጥፉ። የጀበናዋንም እንፋሎት በእውነተኛ እንፋሎት አትሞክሩት፤ ሳሳ አድርጋችሁ የዘረጋችሁትን ጥጥ በየፎቶው በትንሹ ወደ ላይ ጎትቱ።

ከኮምቦልቻ፦ 40 ፎቶ አንስተን ፊልሙ ሳናየው አለቀ። ለአንድ ደቂቃ ስንት ፎቶ ይበቃል? የሽቦ መኪናችን ደግሞ ስትነሳም ስትቆምም ግድግዳ የመታት ትመስላለች።

መልስ፦ ሲኒማ በሴኮንድ 24 ፍሬም (ቋሚ ሥዕል) ያሳያል። በእጅ ለሚሠራ አኒሜሽን ግን 12 ፎቶ ይበቃል፣ እያንዳንዱ ለሁለት ፍሬም ይቆያል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ደቂቃ 720 ፎቶ ይፈልጋል። አትጀምሩት! 10 ሴኮንድ ወይም 120 ፎቶ ያዙ፤ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ቢፈጅባችሁ ሁለት ሰዓት ነው፣ የታናሽም ትዕግሥት ከዚያ አያልፍም። የናንተው 40 ፎቶ በ30 ፍጥነት ተጫውቶ ይሆናል። መተግበሪያው ውስጥ 12 ላይ አድርጉት፣ ከ3 ሴኮንድ በላይ ይሆናል።

መኪናዋን በተመለከተ፣ በየፎቶው እኩል ርቀት ገፍታችኋታል። ክብደት ያለው ነገር ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይቆማል። በ1 ሴኮንድ 30 ሳንቲ ሜትር ትሂድ ካላችሁ 12ቱን እርምጃዎች እንዲህ አከፋፍሏቸው፦ 0.5፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 4.5፣ ከዚያ እየቀነሰ 4.5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1፣ 0.5። ማስመሪያውን ከፎቶው ክልል ውጭ በፕላስተር ለጥፉት። ከመነሳቷ በፊትና ከቆመች በኋላ ሳትነኳት 6 ፎቶ ጨምሩ፤ ያ ግማሽ ሴኮንድ ለተመልካች ዓይን ማረፊያ ነው። የተመታች ኳስ ግን ሌላ ናት፦ በትልቁ ርቀት ትጀምርና እያጠረ ይሄዳል።

ከሐይቅ፦ ከዱቄት ሊጥ ሰው ሠርተን ነበር። በግማሽ ሰዓት ተሰነጠቀ፣ አንድ እግሩን ስናነሳውም ይወድቃል።

መልስ፦ ሊጥ የሚሰነጠቀው ላዩ ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ነው። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ደቃቅ ጨው፣ አንድ ኩባያ ገደማ ውኃና አንድ ማንኪያ ዘይት አድርጋችሁ ብታቦኩት ለማይንቀሳቀስ ነገር (ለድንጋይ፣ ለጎጆ) ይሆናል። ለሚራመድ ሰው ግን የልጆች ፕላስቲሊን ግዙ፤ ዘይትና ሰም ስላለበት አይደርቅም። በእጅ ሙቀት ከላላ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ክተቱት። ከፈካው ቀለም ጀምራችሁ ወደ ጥቁሩ ሂዱ፣ በመካከልም እጃችሁን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ አለዚያ ሁሉም ቡኒ ይሆናል።

እንዳይወድቅ አጥንት ያስፈልገዋል። ለ15 ሳንቲ ሜትር ሰው 50 ሳንቲ ሜትር ሽቦ ለሁለት አጥፉ፤ እጥፋቱ ለራስ ቀለበት ይሁን፣ እስከ ወገብ ግመዱት፣ የቀሩት ሁለት ጫፎች እግር ናቸው። ሌላ 25 ሳንቲ ሜትር ደረቱ ላይ ጠምጥሙ፣ እጅ ይወጣዋል። የአሉሚኒየም ሽቦ ካገኛችሁ እሰየው። የኤሌክትሪክ ገመድ መዳብም ይሠራል፣ ግን በተደጋጋሚ ሲታጠፍ እየጠነከረ ሄዶ ጉልበቱ ላይ ይሰበራል። ራሱን ሙሉ በሙሉ ፕላስቲሊን አታድርጉት፤ የተጨማደደ ወረቀት ውስጡ ክተቱና በስሱ ለብጡት፣ ከላይ ሲከብድ ነውና የሚወድቀው። የእግሩን ጫፍ ክብ አድርጋችሁ ጠምዝዙና መሬቱን ከወፍራም ፎም ሥሩ፤ የቆመውን እግር በስፒል ከፎሙ ጋር ውጉት፣ ሌላው ያኔ በነፃነት ይነሳል።

ከወልዲያ፦ እህቴ በእውነተኛ የበግ ፀጉር በግ ሠራች። ቆማ ሳለ ፀጉሯ ትል የወረረው ይመስላል።

መልስ፦ ይህ የባለሙያም ችግር ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. በወጣው «ኪንግ ኮንግ» ፊልም ላይ የጎሪላው ፀጉር ሲርገፈገፍ ይታያል፤ የአንቀሳቃሾቹ ጣት አሻራ ነው። ኮላ በውኃ አቅጥናችሁ በብሩሽ ፀጉሩን ቀቡት፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚያ በጓ ሆድ ሥር ወፍራም ሽቦ አስገቡ፣ ከካሜራው በተቃራኒ በኩል ይውጣ፤ ስታንቀሳቅሷት ሽቦውን ብቻ ያዙ።

ከመርሳ፦ ታናሽ ወንድሜ ሁሉን እኔ ላንቀሳቅስ ይላል፣ ሁለታችንም ስንነካው ይበላሻል።

መልስ፦ አንድ ገጸ ባሕርይ አንድ እጅ ብቻ ይንካው፤ የሁለት ሰው እርምጃ እኩል አይሆንም። ሁለት ገጸ ባሕርያት ካሉ ተካፈሉ። አንድ ብቻ ከሆነ እሱ ያንቀሳቅስ፣ አንተ ደግሞ ፎቶ አንሳ፣ የፎቶውንም ቁጥር ደብተር ላይ መዝግብ፤ መብራት ቢጠፋ ከየት እንደምትቀጥሉ ታውቃላችሁ። መተግበሪያው የቀድሞውን ፎቶ በስሱ ደርቦ የሚያሳይ ምርጫ ካለው ክፈተው፣ አሻንጉሊቱ ቢወድቅ በዚያ እያያችሁ ወደ ቦታው ትመልሱታላችሁ። ከማንሳትህ በፊት እሱ «እጅ ወጣ!» ይበል፤ ሳይል ቁልፉን አትጫን። ያም ሆኖ ጣት የገባበት ፎቶ ከተገኘ ያንን አንዱን አጥፉት፣ ተመልካች አያውቀውም። ተከታትለው ሦስት ከሆኑ ግን ከዚያው ቦታ እንደገና አንሱ።