«ለነገ አትጨነቁ» ከተባለ ጤፍ መሰነቅ አለማመን ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የምንኖረው አዳማ ነው፤ ከሦስት ልጆቻችን ጋር አምስት ነን። ኑሮው ከቀን ወደ ቀን እየከበደ፣ ዘይትና ስኳር በየጊዜው እየጠፋ ስለ ሄደ ባለቤቴ «ተበድረንም ቢሆን የዓመት እህልና ዘይት እንግዛ፣ ለጸጥታውም መሣሪያ በቤት ይኑር» ይላል። እናቴ ደግሞ «ጌታ ለነገ አትጨነቁ ብሏል፤ ይህ አለማመን ነው» ይሉናል። የማንን እንስማ? መዘጋጀት ከተገባስ ከምን እንጀምር?

መልስ፦ እኅታችን፣ እናትሽ የጠቀሱት የጌታ ቃል ነው (ማቴ. 6፥34)፤ አተረጓጎሙ ላይ ግን ከእሳቸው እለያለሁ። የተከለከለው ጭንቀት ነው እንጂ ማሰብና መሥራት አይደለም። ይህን ያስተማረው ጌታ አምስት ሺሕ ሰው ከመገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱን «አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ የተረፈውን ቍርስራሽ አከማቹ» አላቸው (ዮሐ. 6፥12)። ማብዛት የሚችለው እርሱ ፍርፋሪውን አስለቅሟል። ሐዋርያትም የገንዘብ ከረጢት ነበራቸው (ዮሐ. 13፥29)፤ ከረጢቱን የያዘው ሰው ሌባ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ዮሴፍ እህል ሲሰበስብ ጠቢብ ከተባለ፣ በሉቃስ 12 ላይ ያለው ባለጠጋ ስለ ምን ሰነፍ ተባለ? ሁለቱም ጎተራ ሞልተዋል። ልዩነቱ በጊዜውና በባለቤቱ ላይ ነው። ዮሴፍ አምስተኛውን እጅ የሰበሰበው በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ነው (ዘፍ. 41፥34)፤ ረኃቡ ሲመጣ ጎተራውን ከፈተ። ባለጠጋው ግን «ነፍሴ ሆይ ብዪ፣ ጠጪ» ከማለት በቀር በጎተራው ውስጥ ሌላ ሰው አልታየውም። ስለዚህ ለቤታችሁ የምትይዢው ደንብ ይህ ይሁን፤ እህል ገበያውን ሲሞላው ግዢ፣ ሲጠፋ ከጓዳሽ ብዪ እንጂ ወደ ገበያ አትሩጪ። ዘይት ጠፋ በተባለ ማግሥት አሥር ጀሪካን የሚያነሣ ሰው የጎረቤቱን ድርሻ ነው የሚያነሣው፤ ምሳሌ 11፥26 እህልን በሚያስቀር ሰው ላይ ሕዝቡ ይረግማል የሚለውም ይህን ዓይነቱን ነው።

ባለቤትሽ ላይ የምቃወመው «ተበድረን» ያለውን ነው። ተበዳሪ ለአበዳሪው ባሪያ ነውና (ምሳ. 22፥7) ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚታነቀው ባለ ዕዳው ቤት ነው። ዕቁብ ካላችሁም ልብ በሉት፤ መጀመሪያ ላይ የደረሰው ዕቁብ ብድር ነው፣ መጨረሻ ላይ የደረሰው ቁጠባ። ቀድሞ ወጥቶላችሁ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ደመወዝ ቢቋረጥ የቀረው መዋጮ ዕዳ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ዋስ የሆናችሁን ሰውም ይዞ ይወድቃል። ዕጣው ቀድሞ ከወጣ የሦስት ወር መዋጮ የሚሆነውን ወዲያው ለይታችሁ አስቀምጡ። ዕድሩን በምንም ምክንያት አታቋርጡ።

የቁጠባው መነሻ ከአሥራቱ ቀጥሎ የደመወዙን አንድ አሥረኛ መለየት ነው። ዮሴፍ ያደረገውን አንድ አምስተኛ ለደመወዝተኛ ቤት አልመክርም፤ ሁለት ወር ተይዞ በሦስተኛው ይተዋል። የመጀመሪያው ግብ የአንድ ወር አስቤዛ፣ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ ቀጥሎ ሦስት ወር። ከዚህ ውስጥ የሁለት ሳምንት ወጪ የሚሆነው በጥሬ ገንዘብ፣ በባለ 50ና በባለ 100 ኖት ቤት ይቀመጥ። ኔትወርክ ሲቋረጥ ቴሌብርም የባንክ መተግበሪያም አይሠራም፤ ባለ ሱቁም ለ200 ብር መልስ ላይኖረው ይችላል። ከዚያ በላይ ግን ብር ቤት ውስጥ አትከምሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ፍራሽ ሥር የነበረ ብር በዚያው መጠን ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ የመግዛት አቅሙን አጣ። በአጭር ጊዜ እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ ከሚል ሰውም ራቁ፤ መስቀል በአንገቱ ቢያንጠለጥልም።

ወደ ጓዳው እንግባ። አዳማ በጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ስለዚህ መንገድ ሲታወክ ቶሎ የሚጠፋው ከሩቅ የሚመጣው ነው፦ ዘይት፣ መድኃኒት፣ ነዳጅ። ጤፍና ሽምብራ ግን ከምንጃር፣ ከሉሜና ከቦሰት የሚመጣ የቅርብ እህል ነው። (ወንጂ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ስኳር የሚጠፋበት ምክንያት ሌላ ጉባኤ ይፈልጋል።) እንግዲህ ዘይትና መድኃኒት ላይ የሁለት ወር፣ እህል ላይ የሦስት ወር ብትይዢ ይበቃል። የዓመት ዘይት መከመር ኪሳራ ነው፤ በአዳማ ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ዘይት ይሸታል። ጨለማና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አኑሪ፤ የገዛሽበትን ወር በጀሪካኑ ላይ ጽፈሽ የቆየውን አስቀድሚ። በዐቢይ ጾም ወጡ ሁሉ በዘይት ስለሚሠራ ፍጆታው ከፍ ይላል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ከነነዌ በፊት ግዢው።

አምስት ሰው ያለበት ቤት በግምት በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎ ጤፍ ይጨርሳል፤ የሦስት ወሩ አንድ ኩንታል ተኩል ነው። የአንድ ወር ፍጆታችሁን ለክታችሁ አስተካክሉት። አዲሱ ጤፍ ገበያ የሚገባው ከኅዳር ጀምሮ ሲሆን ታኅሣሥና ጥር ጥሩ የመግዣ ጊዜ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ክፉው። ከሦስትና አራት ጎረቤት ጋር ሆናችሁ በጅምላ ብትገዙ ይሻላል። ጤፍ ቅንጣቷ ደቃቅ ስለሆነች ነቀዝ ብዙም አይደፍራትም። በቆሎ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ ግን በዚህ ሙቀት በጥቂት ወራት ይነቅዛሉ።

ከማስቀመጥሽ በፊት ድርቀቱን ፈትኚ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህልና ደረቅ ጨው ጨምረሽ ነቅንቂውና ሩብ ሰዓት ተይው፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነው፣ ወደ ፀሐይ ይመለስ። እርጥብ እህል ይሻግታል፤ የሻገተ ደግሞ ቢታጠብም ቢቆላም መርዙ አይለቅም። ደረቁን አየር በማያስገባ ዕቃ ዝጊው። ፒክስ የሚባለው ከረጢት ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ፣ ውጪው ማዳበሪያ ነው፤ እየጠቀጠቅሽ ሞልተሽ አየሩን አስወጪ፣ እያንዳንዱን ፕላስቲክ ለየብቻው ጠምዝዘሽ፣ አጥፈሽ እሰሪ። ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየሩን ይጨርስና ይሞታል። በየሳምንቱ እየከፈቱ ማየት ሥራውን ያበላሻል፤ አይጥ የበሳው ከረጢትም ተራ ጆንያ ነው። ለአሥርና ለሃያ ኪሎ ሽምብራ ንጹሕ ጀሪካን እስከ አፉ ሞልቶ ክዳኑን ማጥበቅ ይበቃል። ከረጢቱን መሬት ላይ አታስቀምጪ፤ ርብራብ ላይ ይሁን፣ ከግድግዳም ፈንጠር ይበል።

የነቀዝ ኪኒን ነገር ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው ኪኒን ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ጋዝ ተኝቶ ያለ ቤተ ሰብ ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። ሰው በሚያድርበት ቤት፣ ጓዳም ቢሆን፣ አይገባም። ሻጩ «ሁሉም ሰው ይጠቀመዋል» ቢልሽም።

እህሉን በጥሬው እንጂ ሁሉን አስፈጭተሽ አታስቀምጪ፤ ዱቄት ቶሎ ይበላሻል፣ ሽሮም ወር ሲቆጥር ጣዕሙ ይሄዳል። ሆኖም መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤቱም፣ የኤሌክትሪክ ምጣድሽም አብረው ይቆማሉና የሁለት ሳምንት ዱቄት ምንጊዜም ይኑር። ከዚህ ይልቅ የአባቶቻችን ስንቅ ይሻላል። በሶ ለአንድ ሰው ለአንድ ጊዜ 100 ግራም ያህል ቢታሰብ፣ አምስት ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን 3 ኪሎ ይበቃዋል፤ እሳት አይፈልግም፣ ጾምም አይሽርም። ቆሎና ድርቆሽም እንዲሁ። ድርቆሹን ስስ አድርገሽ ጋግረሽ፣ ቆራርሰሽ በፀሐይ አድርቂ፤ ሲሰበር ጠቅ ካላለ አልደረቀም፣ ይሻግታል።

ውኃ ላይ ሰው ሁሉ ይዘናጋል። የከተማው ውኃ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚገፋው በፓምፕ ነው፤ መብራት ሲቋረጥ ውኃም ይከተላል። ለመጠጥና ለማብሰል ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ያዢ፤ ለአምስት ሰው ለሦስት ቀን 75 ሊትር፣ ማለትም አራት ባለ 20 ጀሪካን። ለመታጠቢያውና ለሽንት ቤቱ አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ይጨመር። ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም አይሆንም። በየሁለት ሳምንቱ የቆየውን ለልብስ አጥቢበትና አዲስ ሙዪ። ንጽሕናው አጠራጣሪ የሆነ ውኃ ቢያጋጥም ውኃ አጋር የሚባለውን የውኃ ማከሚያ በላዩ ላይ በተጻፈው ልክ ተጠቀሚ። እርሱ ከሌለ 5 በመቶ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና በስሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር ለ20 ሊትር ጨምረሽ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ጽሑፍ የሌለው በረኪና ኃይሉ አይታወቅም፤ ለወለል ይሁን። በስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ሊበዛበት ስለሚችል፣ ለወራት የምትጠጡት ከሆነ ማፍላት አያድንም፤ ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ ይብሳል። ጥርስ የሚያበልዘው እርሱ ነው።

መብራት በጠፋበት ሌሊት ከሰል ይዛችሁ መስኮት ዘግታችሁ አትተኙ። ከሰሉ ቀልቶ ጢሱ ቢጠፋም ሽታ የሌለው ጋዙ ይወጣል። ውጭ አብስሉ፣ ምድጃውን ውጭ ተዉት።

በቤታችሁ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የአስም ሕመምተኛ ካለ መድኃኒቱ ከማለቁ አንድ ወር ቀድሞ ይገዛ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ መብራት ሲርቅ በሁለት የሸክላ ማሰሮዎች መካከል እርጥብ አሸዋ ሞልቶ፣ ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልሎ በውስጠኛው ማኖር ሙቀቱን ይቀንሳል። የአዳማ አየር ደረቅ ስለሆነ ማሰሮው እዚህ በደንብ ይሠራል፤ አሸዋው በቀን ሁለት ጊዜ ይርጠብ። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ሁለቱም ከአንድ ፈጣሪ ናቸው።

ስለ ጸጥታው፣ ባለቤትሽ ነህምያን ይጠቅስ ይሆናል፤ «ወደ አምላካችን ጸለይን» ካለ በኋላ ጠባቂዎች አቁሟል፣ ሠራተኞቹንም አስታጥቋል (ነህ. 4)። ነገር ግን ነህምያ ሹመት ያለው ገዥ ነበር፤ የጠበቀውም የከተማውን ቅጥር ነው። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው። ፈቃድ ቢገኝ እንኳ ሦስት ልጆች ባሉበት ቤት አልመክረውም፤ ከሌባው ይልቅ ልጁ ቀድሞ ያገኘዋል። ያንን ገንዘብ ለበሩ አውሉት፦ ከውስጥ መቀርቀሪያ፣ በቻርጅ የሚሠራ የደጅ መብራት፣ ከጎረቤት ጋር የምታዋጡት የሮንድ ጥበቃ። ጆንያ በባጃጅም በጋሪም ሲራገፍ ሰፈር ሁሉ ያያል፤ በትንሽ በትንሹ አስገቡት፣ ልጆቹም ጓዳው ውስጥ ያለውን ውጭ እንዳያወሩ ምከሩ። መንገድ ላይ ስልክ ስጡ የሚል ቢያጋጥም ስጡ፤ ከዚያ በሌላ ስልክ 994 ደውላችሁ ሲም ካርዱን አዘጉ፣ ባንኩንም ንገሩ። የሚስጥር ቁጥሩ በስልኩ ውስጥ ከተጻፈ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው።

የቤት ካርታ፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፋይዳ ቅጂ በአንድ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ይግቡ፤ ሌላ ቅጂ በዘመድ ቤት ይቀመጥ። የአምስት ሰው ስልክ ቁጥር በወረቀት ይጻፍ፤ ታናሹ ልጅ ቢያንስ የአንዳችሁን በቃሉ ይያዝ። ተለያይታችሁ ሳለ ሁከት ቢነሣ የምትገናኙበትን ቦታ፣ አንዱ ቢዘጋ የሚተካውን ጭምር፣ ዛሬ ማታ እራት ላይ ወስኑ። ሁለቱም በዋናው አውራ ጎዳና ወዲያና ወዲህ አይሁኑ፤ መጀመሪያ የሚዘጋው እርሱ ነው።

ነቢዩ አጋቦስ ረኃብ እንደሚመጣ ሲናገር የአንጾኪያ ምእመናን ያደረጉትን ደግሞ የሐዋርያት ሥራ 11፥28-30 ላይ አንብቡት። ረኃቡን አስቀድመው ሰምተው እንደየአቅማቸው በይሁዳ ላሉት ላኩ። የመጀመሪያው ጆንያ ሲፈታ፣ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቁና ለይተሽ ለእናትሽ ስጫቸው። በሰፈሩ ማን ጦሙን እንደሚያድር እሳቸው ከአንቺ ይልቅ ያውቃሉ።