ቁርጭምጭሚት፣ ሽሮና የጣና ዳር ሩጫ
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር በዚህ ሰሞን ሙቀቱ ጠንክሯል፤ ሁዳዴም ተጋምሷል። ሐይቅ ዳር የሚሮጠውና ብስክሌት የሚነዳው፣ ሜዳ ላይ ኳስ የሚያባርረው ሰው ግን አልቀነሰም። እሰየው ነው። የደረሱኝን ጥያቄዎች አሳጥሬ አቀርባለሁ፤ እንደ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ደግሞ በየቀኑ ለታካሚዎቼ የምነግረውን እመልሳለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የ19 ዓመት ልጅ ነኝ፣ ዓባይ ማዶ ነው የምኖረው። ትናንት ኳስ ስንጫወት ዘልዬ ስወርድ የሰው እግር ላይ አረፍኩና ቀኝ እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ቁርጭምጭሚቴ አብጧል። አያቴ ወጌሻ ጋ ሄደህ ካልታሸህ ይሉኛል። ጓደኞቼ በጨውና በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ይላሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ግጥሚያ አለን። እደርሳለሁ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ወለምታ ይሁን ስብራት እንለይ። ተነሣና አራት እርምጃ ተራመድ። እያነከስክም ቢሆን አራቱን ከጨረስክ ጥሩ ምልክት ነው። ቀጥለህ በቁርጭምጭሚትህ ግራና ቀኝ ወጣ ወጣ ያሉትን አጥንቶች በአውራ ጣትህ ተጫን። የምትጫነው የኋላ ጠርዛቸውንና ጫፋቸውን ነው። ከዚያ በእግርህ የውጭ ጠርዝ ላይ ከትንሿ ጣትህ ተነሥተህ ወደ ተረከዝህ ስትዳስስ መሃል ላይ ጎላ ያለ አጥንት ታገኛለህ፤ እሱንም ተጫን። በውስጥ በኩል ከእግርህ ቅስት በላይ ያለውንም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱ አጥንት ሲነካ የሚያስጮህህ ከሆነ ወይም አራት እርምጃ ካቃተህ ዛሬውኑ ራጅ ተነሣ። ሕመሙ አጥንቱ ላይ ሳይሆን ከውጭኛው አጥንት ፊት ለፊት ባለው ለስላሳ ቦታ ላይ ከሆነ ግን የተጎዳው ጅማት ነው ማለት ይቻላል። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በብዛት የሚጎዳውም እሱ ነው።

ወደ እሽቱ ስንመጣ፣ ጅማት ከልኩ በላይ ሲለጠጥ የተወሰኑ ክሮቹ ይበጠሳሉ። አብረውት ትንንሽ የደም ሥሮችም ይቀደዳሉ። እብጠቱ የመጣው ከዚያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ስትታሽ ሊዘጋ የጀመረውን እንደገና ትከፍተዋለህ። ሙቅ ውሃም ደም ወደ ቦታው ስለሚስብ እብጠቱን ያባብሰዋል። አያትህን «እማማ፣ እሽቱ ይቆየኝ፤ አሁን እግሬን ከፍ አድርጌ ልተኛ» በላቸው። ለአንተ አስበው ነውና አትቆጣቸው።

ወጌሻ ቤት ከእሽቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ እስሩ ነው። በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እግር ሲያብጥ የሚሄድበት ቦታ ያጣል፤ ደም መዘዋወር ያቆማል። ደም ያጣ እግር ደግሞ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በዚህ ምክንያት እግራቸው የተቆረጠ ልጆች በአገራችን አሉ። እናም ማንም ይሰረው ማን፣ ጣቶችህ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከታሰረ በኋላ ከባሰ እስሩን ፍታው። ሊነጋ ነው፣ ልጠብቅ አትበል። ፈትተህ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂድ።

አሁን ቤትህ ልታደርገው የምትችለው ቀላል ነው። አንድ ሃይላንድ ውሃ ሞልተህ ፍሪጅ በረዶ ቤት ውስጥ አስቀምጥ። ሲሞላ አፉ ድረስ አታድርሰው፣ ሲበርድ ይሰነጠቃል። ሲጋግር በፎጣ ጠቅልለህ ቁርጭምጭሚትህ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆየው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ በቂ ነው። በረዶ ባዶ ቆዳ ላይ አይቀመጥም፣ ያቃጥላል። በረዶው ቶሎ አያድንህም፣ ሕመሙን ግን ያስታግስልሃል። በሚለጠጥ ፋሻ ከጣቶችህ ጀምረህ ወደ ላይ ጠቅልል፤ አንድ ጣት በቀላሉ ከሥሩ መግባት አለበት። ስትተኛ እግርህ ከልብህ ከፍ እንዲል ሁለት ትራስ አድርግበት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ሰው ሁሉ የሚሮጥለትን ዳይክሎፌናክ በባዶ ሆድ አትዋጥ፤ ጨጓራ ካለብህ ደግሞ ጭራሽ አትንካው።

ከዚያ በኋላ ግን ተኝተህ አትክረም። ሕመሙ ሲቻል በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በመጠኑ መርገጥ ጀምር። ጅማት አቅሙ የሚመለሰው ቀስ በቀስ ጫና ሲያገኝ ነው። ቁጭ ብለህ በአውራ ጣትህ አየር ላይ ፊደላትን ጻፍ። መቆም ሲመችህ ጥርስህን ስትቦርሽ በተጎዳው እግር ብቻ ቁም። ሠላሳ ሰከንድ ስትችል ዓይንህን ጨፍነህ ሞክር፣ ከግድግዳ አጠገብ ሆነህ። ይቺን ብዙ ልጅ ይዘላታል። ያንኑ እግር በዓመት ሦስት ጊዜ የሚወለምበትም ለዚህ ነው፤ ጅማቱ ቢድንም እግሩ ሚዛን መጠበቅ ረስቷል።

ለሚቀጥለው ሳምንት ግጥሚያ አትደርስም። ቀላል ወለምታ እንኳ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ ከበድ ያለው ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ሳታነክስ ስትሮጥ፣ በተጎዳው እግር ብቻ ደጋግመህ ያለ ሕመም ስትዘል፣ ስምንት ቁጥር እየሠራህ ስትሮጥ የማያምህ ከሆነ ያኔ ማልያህን ልበስ። እስከዚያው ምግብ አትቀንስ። «አልተጫወትኩም፣ ምን አደከመኝና ልብላ» ይባላል። የተጎዳ ሰውነት የሚጠገነው ግን በዚያው ምግብ ነው።

«የ58 ዓመት ሰው ነኝ። ከሽምብጥ ሥራ ቦታዬ ድረስ በብስክሌት እመላለሳለሁ። ጉልበቴን ከፊት ለፊት ያመኛል፤ ደረጃ ስወርድ ይብሳል። ብስክሌቱን ልተው?»

ጋሼ፣ አይተዉት። መቀመጫውን ግን ዛሬ ይመልከቱልኝ። ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡና ፔዳሉን ወደ ታች መጨረሻው ድረስ ያውርዱት። ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ሲያደርጉ እግርዎ ቀጥ ሊል ይገባል። በትክክለኛው አነዳድ፣ ማለትም በጣቶችዎ ሥር ሲረግጡ፣ ጉልበትዎ ትንሽ ብቻ ይታጠፋል። አሁን ምናልባት በጣም ታጥፎ ነው ያለው። እኛ አገር ቶሎ እግር መሬት እንዲደርስ ተብሎ መቀመጫ ዝቅ ይደረጋል፤ ጉልበት ደግሞ ለዚያ ዋጋ ይከፍላል። በአንድ ጊዜ አያስረዝሙት፤ በጣት ስፋት ከፍ እያደረጉ ይልመዱት።

ቤት ሲገቡ ከወንበር ላይ እጅዎን ሳይደገፉ ቀስ ብለው አሥር ጊዜ ይነሡ፣ ይቀመጡ። አርፈው ይድገሙት። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ሲራመዱ ከከዳዎት ግን መመርመር አለበት።

«የ27 ዓመት ሴት ነኝ፣ ክብደቴ 55 ኪሎ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሐይቅ ዳር ዘንባባዎቹ ሥር እሮጣለሁ። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። አሁን አሁን ከሩጫ በኋላ ዓይኔ ጭልም ይልብኛል፣ ሌሊት ባቴን ስትራፖ ይይዘኛል፣ ቅልጥሜንም ያመኛል። ጾሜንም ሩጫዬንም መተው አልፈልግም።»

እህቴ፣ ሁለቱንም አትተዪም። ሰዓቱን ግን መቀየር አለብሽ።

አስቢው። ማታ 2 ሰዓት በልተሻል። ጠዋት 12 ሰዓት ሮጠሽ ላብሽ ፈስሷል። ከዚያ እስከ 9 ሰዓት ውሃም እህልም የለም፤ ቢሮው ደግሞ ይሞቃል። ሰውነትሽ ከሩጫ በኋላ ራሱን በሚጠግንባቸው ሰዓታት የሚጠግንበት ነገር አጥቷል። ጭልም የሚልብሽም ከዚህ ሊሆን ይችላል።

ሩጫውን ከሰዓት በኋላ ወደ 11 ሰዓት አምጪው። 9 ሰዓት ላይ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ፣ አንድ ሁለት ሙዝ ብዪ፣ ወይም በሶ ከትንሽ ጨውና ስኳር ጋር በጥብጠሽ ጠጪ። ከበድ ያለውን ምግብ ከሩጫው በኋላ አድርጊው፤ ከመተኛትሽ በፊትም ሌላ ነገር ጨምሪ። ቅዳሜና እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስለሚበላ ረጅሙን ሩጫ ለእነዚህ ቀናት አቆዪው። በአዘቦቱ ቀን ቀለል አድርጊው።

አሁን ወደ ሳህንሽ እንምጣ። አንቺን የመሰለ የሚሮጥ ሰው በየኪሎው ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን በቀን ያስፈልገዋል። ለአንቺ ከ66 እስከ 88 ግራም ይሆናል። በጾም ይሄ አይገኝም የሚል ሰው አትስሚ። 100 ግራም ጥሬ ምስር 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ሽምብራ 20 ገደማ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት እንኳ 13 ገደማ ይሰጣል። ችግሩ ሽሮው መቅጠኑ ነው። ብዙ ቤት የጾም ሽሮ ውሃው ይበዛና ሁለት እንጀራ ላይ ፈስሶ ሆድ ይሞላል፤ በውስጡ ያለው ዱቄት ግን ጥቂት ማንኪያ ነው። ወፍራም አድርጊው፣ ተጋቢኖ ዓይነት። ከጎኑ ምስር ወይም የባቄላ ፉል ይኑር። ቢሮ ስትቀመጪ ከ9 ሰዓት በኋላ የሚቆረጠም የሽምብራ ቆሎና ለውዝ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ሱፍ ፍትፍትና ተልባም ጉልበት ይሰጡሻል። ዓሣውን በተመለከተ ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ እሱ የእኔ ወንበር አይደለም።

ብረቱን ግን አልፌ አልሄድም። ወር በወር ደም የምታይና የምትሮጥ ሴት ብረት ቶሎ ይጎድላታል። የእህልና የጥራጥሬ ብረት ደግሞ በቀላሉ አይመጠጥም። ሎሚ፣ ቃሪያና ቲማቲም አብሮ ሲበላ መምጠጡ ይጨምራል። ምስሩ ላይ ሎሚ ጨምቂበት። ቡናውና ሻዩ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ከምግብ ላይ ተነሥቶ ወዲያው አቦል መጠጣት ልማዳችን ነው፤ ቡናው ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ጤና ተቋም ሄደሽም ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን (በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ) ተመርመሪ። ሳትመረመሪ የብረት እንክብል አትጀምሪ።

ስትራፖው ሲይዝሽ የእግርሽን ጣቶች ወደ ራስሽ ሳቢና ያዢ፣ ይለቅቅሻል። የሰዓቱና የውሃው ነገር ሲስተካከል እንደሚቀንስ እጠብቃለሁ።

ቅልጥምሽ ግን ያሳስበኛል። ሕመሙ አጥንቱን ተከትሎ ረዘም ባለ ቦታ ላይ ከሆነና ሰውነትሽ ሲሟሟቅ ከቀነሰ፣ ሩጫሽን ለሁለት ሳምንት በግማሽ ቀንሺ፤ ከአስፋልቱ ወደ አፈሩ ውረጂ። በአንድ ጣት የምታመለክቺው አንድ ነጥብ ከሆነ፣ ስትዘይ የሚወጋ ከሆነ፣ ሌሊትም የሚቀሰቅስሽ ከሆነ ሩጫ ዛሬውኑ አቁሚና ታዪ። አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ፤ የወር አበባሽ እየመጣ ነው? ሦስት ወር ከቀረ ወይም ከተዛባ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የሚሮጥ ሰው ከሚያወጣው ያነሰ ሲበላ ሰውነት መጀመሪያ ከሚያቋርጣቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው፤ አጥንትም አብሮ ይሳሳል። ይህን ለባልደረቦችሽም ንገሪያቸው። ሴቶች አፍረው ዝም ስለሚሉ ብቻ የሚሰበር አጥንት ሳይ ያመኛል።

«ጂም ጀምሬያለሁ። ፕሮቲን ፓውደር ካልገዛህ ጡንቻ አይመጣም አሉኝ። ብሩ የለኝም።»

ይመጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲን አለው፤ 100 ግራም የቆሮሶ ዓሣ ሥጋ 20 ገደማ። ጣና አጠገብህ ነው፤ ብርህን ለዓሣ አውለው። በጾም ከሆንክ ከላይ ለእህታችን የጻፍኩትን አንብብ።

«የ14 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጣና ላይ ይዋኛል። ከውሃው ሲወጣ እግሩን ያሳክከዋል። ሐይቁ ዳር ተንሸራቶም ጉልበቱ ተፍቋል። ልከልክለው?»

እናቴ፣ ዋና ጥሩ ስፖርት ነው፤ ለጉልበትም ለሳንባም። ጣና ላይ ግን ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለ። ትሉ የሚራባው በሐይቁ ዳር ሣር በበዛበትና ውሃው በተኛበት ቦታ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ወደ ሰው የሚገባው ደግሞ ጤነኛ ቆዳን በስቶ ነው፤ ቁስል አያስፈልገውም፣ ደቂቃዎች ይበቁታል። ማሳከኩ የዚያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ውሃውን በፎጣ ማድረቅ አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ስለዚህ ሐይቁ ዳር መዋኘቱን ይከልክሉት፤ መዋኛ ገንዳ የሚገኝ ከሆነ ወደዚያ ይላኩት።

የተፋቀውን ጉልበት በንጹሕ ውሃና በሳሙና ያጥቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት። አመድም ቡናም አይነስንሱበት። የቴታነስ ክትባቱ ያልተሟላ ከሆነ ጤና ጣቢያ ያስከትቡት።

ሰገራውን ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ከዋኘ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ያስመርምሩት። ቀደም ካለ እንቁላሉ ላይታይ ይችላል። ሆዱን ካመመው፣ ተቅማጥ ከያዘው ወይም ሰገራው ላይ ደም ካየ ግን ያን ያህል አይጠብቁ። ከተገኘበት ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት በክብደቱ ልክ ይሰጠዋል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሕክምና ነው። አብረውት የሚዋኙትን ልጆች ወላጆችም ይንገሯቸው፤ አብረው ቢመረመሩ ይሻላል።