«ሊብሬው 1968 ይላል፤ ያልፋል ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ

ከአባትህ የቀረ ያማሃ ዲቲ 250 ሞተር ሳይክል አለህ። አሜሪካ ያለው የአክስትህ ልጅ በጥንታዊ ሞቶክሮስ፣ ማለትም በድሮ ሞተሮች በአባጣ ጎርባጣ ሜዳ በሚደረገው እሽቅድምድም፣ ልወዳደርበት፣ ላክልኝ ብሎሃል። ውድድሩ የሚቀበለው እስከ 1974 ሞዴል ነው፣ የአንተ ሊብሬ ደግሞ 1968 ይላል። ሦስት ሰው «በደንብ ያልፋል» ብሎሃል። አትስማቸው። እኔ እዚሁ ደሴ ቁጭ ብዬ በዚህ ነገር ተቃጥያለሁ።

1ኛ. 1968 የእኛ አቆጣጠር ነው። በፈረንጅ ከመስከረም 1975 እስከ መስከረም 1976 ማለት ነው። ግን አብሽር፣ ገና አልወደቅክም። ሞተሩ የተመዘገበበት ዓመትና የሞዴሉ ዓመት አንድ ላይሆን ይችላል። መሪው የሚዞርበት አንገት ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር በነዳጅ ጠርገህ ፎቶ አንሳና ላክለት። ሞዴሉን የሚለዩት በሱ ነው። ደግሞ ከ1974 በኋላ ተሠርቶም ከቀድሞው ሞዴል ካልተለወጠ የሚቀበል ደንብ አለ።

2ኛ. ምንም ነገር አትቀይር! ዋናው ይሄ ነው። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ለዚሁ ውድድር ዲቲ ሲጠይቀኝ ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ጥግ አቧራ የጠጣ አገኘሁለት። ሊብሬው 1966፣ ሻንሲው ንጹሕ። ሞተሩን ራሴ ፈትቼ ገጠምኩት። የሐረጎን ዳገት ሳይንተፋተፍ ወጣልኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ከዚያ ወንድሜን ላስደስት ብዬ የፊቱን አሞርዛተር (ጎማው ሲነጥር የሚያበርደውን) አውልቄ ከአዲስ ሞተር የወጣ ረጅም ገጠምኩ። የድሮውን ለቁራሌው በ300 ብር ሸጥኩት።

ደንቡ ግን ዓመት ብቻ አይደለም የሚያየው። አሜሪካ ውስጥ በሰፊው በሚሠራበት ደንብ የጥንታዊው ክፍል የፊት ጎማ ከላይ እስከ ታች የሚንቀሳቀሰው ከ7 ኢንች፣ የኋላው ከ4 ኢንች መብለጥ የለበትም። በእኛ መለኪያ 178 እና 102 ሚሊሜትር ገደማ። ምክንያት አለው። በፈረንጅ 1973 ስዊድናዊው ሆካን አንደርሰን የኋላው ባለ አንድ አሞርዛተር በሆነ ያማሃ የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በተከታዮቹ ዓመታት ፋብሪካዎቹ ጎማው የሚንቀሳቀስበትን ርቀት እያስረዘሙት ሄዱ። የድሮው ሞተር ከነዚያ ጋር ሊፎካከር አይችልም።

ወንድሜ ከውድድሩ ሜዳ የደወለው ማታ ቡና ላይ ተቀምጠን ነው። ፈታሹ ሜትር ይዞ መጣ፣ ለካ፣ «አያልፍም» አለ። ስለ ሊብሬው አልጠየቀውም። ከኋለኛው ዘመን ሞተሮች ጋር ግባ አሉት፤ አልገባም። ለመላኪያ የከፈለው ገንዘብ፣ የኔ የአራት ወር ልፋት፣ ሁሉም በአንድ ሜትር። የመጀመሪያውን ዓይነት አሞርዛተር ፈልጌ ያገኘሁት ከሰባት ወር በኋላ ነው። 14 ሺህ ብር። እሱን ልኬለት ነው በቀጣዩ ዓመት ያለፈው።

ስለዚህ ስፕሪንጎቹን አውጣና ጎማው ከታች እስከ ላይ የሚሄደውን ራስህ ለካ። የምትለካው አሞርዛተሩን አይደለም፣ የጎማው አክስል የሚጓዘውን ነው። አባትህ ወይም መካኒኩ ድሮ ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ዲስክ ፍሬን ካየህበት መቀየሩን እወቅ።

3ኛ. ወረቀት። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመነሻው አስጽፍ። እኔ ይህን ስላላወቅኩ ለአንድ ማህተም ከደሴ ኮምቦልቻ አምስት ጊዜ ወርጃለሁ። አንዲት ሠራተኛ «ለዚህ ቆርቆሮ ነው የምታስቸግረን?» ብላ ፋይሉን ገፋችብኝ። ቆርቆሮ አይደለም። ከኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ዛሬም በአንድ ምት የሚነሳ ሞተር ነው።

የሻንሲውን ፎቶና የለካኸውን እዚሁ ለጥፍ፣ አይቼ እነግርሃለሁ። አሮጌ ዕቃ ከወለቀ ደግሞ ቁራሌው በር ላይ ቢጮህም እንዳትሰጠው።