ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሥራ ልጀምር ነው፤ ልጄን ጡት ላስጥላት?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄን ሳረግዝ ሥራ ለቅቄ ቤት ቆይቻለሁ። አሁን 7 ወር ሞልቷታል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ እገባለሁ። ቤቴ አራት ኪሎ ስለሆነ ከታክሲው ሰልፍ ጋር ከጠዋቱ 1፡30 እስከ ምሽቱ 12፡30 አልኖርም። ልጄ ከሞግዚት ጋር ትውላለች፤ ጡጦ ግን እምቢ ብላለች። አማቴ «ጡት ውስጥ የዋለ ወተት ይበላሻል፣ ከአሁኑ አስጥያት» ይሉኛል። ደግሞ ድካም አለብኝ፤ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አያስጥሏት። ጡት ውስጥ ያለ ወተት ቢውልም አይበላሽም፤ ማታ እንደገቡ ምንም ሳይደፉ ማጥባት ይችላሉ። የሚበላሸው ታልቦ በአግባቡ ያልተቀመጠ ወተት ነው። ሊያሳስብዎት የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ጡት ሞልቶ ለረጅም ሰዓት ሳይጠባ ወይም ሳይታለብ ከዋለ ሰውነት ወተት ማምረቱን ይቀንሳል። ብዙ እናቶች ሥራ በጀመሩ በጥቂት ሳምንታት «ወተቴ ደረቀ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ማለብን ከዛሬ ይለማመዱ። የሚመቸው ጊዜ ጠዋት፣ ልጅዎ ጠብታ ከጨረሰች በኋላ ነው። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። አውራ ጣትዎን በጡትዎ ጫፍ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክፍል ጠርዝ በላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከታች ያድርጉ። መጀመሪያ ወደ ደረትዎ ገፋ ያድርጉ፣ ከዚያ ጣቶቹን አቀራርበው ይጫኑ፣ ይልቀቁ፤ እየዞሩ ይድገሙት። ጣቶችዎ ቆዳው ላይ ከተንሸራተቱ ያሳምማል፤ ጫፉን መሳብ ደግሞ ወተት አያወጣም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት 20 ወይም 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢወጣ አይደንግጡ፤ ልጅዎ ከጠባች በኋላ የተረፈው ነውና። ማለቢያ መሣሪያ ካለዎት ጥሩ፤ ከሌለዎት እጅ ይበቃል።

ቢሮ ሲገቡ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ፣ ለምሳሌ 4፡30፣ 7፡00 እና 10፡00 ላይ፣ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ይለቡ። የሚቆለፍ ክፍል እንደሚያስፈልግዎት ለኃላፊዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ ሽንት ቤት ውስጥ ማለብን ግን አይቀበሉ። የዛሬው ወተት ለነገ፣ የዓርቡ ለሰኞ ይሆናል፤ ስለዚህ ብዙ ማጠራቀም አይጠበቅብዎትም፣ ለመጀመሪያው ቀን የሚበቃ ካለ መነሻ ይሆናል።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር እየለዩ ቀኑን ይጻፉበት። ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ በረዶ በተደረገበት ማቀዝቀዣ ቦርሳ ውስጥ 24 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ ከኋላ እንጂ በሩ ላይ አይቀመጥም። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ካልተከፈተ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሲሰጥ ሙቅ ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ አቁሞ ማሞቅ ነው፤ እሳት ላይ አይጣድም፣ ማይክሮዌቭ ውስጥም አይገባም። ልጅዎ ቀምሳ የተወችው ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋ።

ጡጦ እምቢ ማለቷ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ስለሆነ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። በቡና ስኒ ይስጧት። ሞግዚቷ ቀጥ አድርጋ ታስቀምጣት፣ የስኒውን ጠርዝ የታችኛው ከንፈሯ ላይ ታሳርፍ፣ ወተቱ ከንፈሯን እስኪነካ ብቻ ታዘንብል። ሕፃኗ ራሷ ትጠጣለች፤ አፏ ውስጥ ማፍሰስ ያንቃል። ልምምዱ ላይ እርስዎ ከክፍሉ ይውጡ፤ ጡት እያለ ስኒ ማን ይፈልጋል? በጣም ሲርባትም አይጀመር።

በቀን ሦስት ጊዜ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ያህል የታለበ ወተት፣ ከዚያ ሌላ 2 ወይም 3 ጊዜ በየተራው ግማሽ ኩባያ ምግብ ትፈልጋለች። እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት በቀጭን አጥሚት ሆድ መሙላት ነው። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ይሁን፤ እንቁላል፣ የተፈጨ ምስር፣ በደንብ የበሰለ ጉበት ወይም ሥጋ ይግባበት። የላም ወተት ከአንድ ዓመት በፊት የእናት ጡትን አይተካም፤ ብረት የለውም ማለት ይቻላል።

ሞግዚቷ ሥራ ከመጀመርዎ አንድ ሳምንት ቀደም ብላ ትግባ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ካለባት ሕፃን ከመያዟ በፊት ለቲቢ ትመርመር። በዚህ ዕድሜ ሕፃናት ከእናት ሲለዩ ያለቅሳሉ፤ ተደብቀው አይውጡ፣ ተሰናብተው ይሂዱ። 9 ወር ሲሞላት የኩፍኝ ክትባቷ በሥራ መብዛት እንዳያልፋት።

ሌላው ብዙዎች የማያስቡት ነገር፣ ጡት ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ልጁ 6 ወር ሳይሞላው፣ ጡት ብቻ ሲጠባና የወር አበባ ሳይመጣ ነው። ለእርስዎ ይህ አልፏል። ከእርግዝና መከላከያዎች በክንድ የሚቀበረው፣ መርፌው ወይም ሉፑ ለሚያጠቡ እናቶች ይስማማል።

አሁን ወደ ድካሙ። «እናትነት ነው» ብለው አይለፉት። ደረጃ ሲወጡ ልብ መምታት ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው የደም መጠንዎን (ሄሞግሎቢን) ያስለኩ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ላልረገዘች ሴት የተለመደው ዝቅተኛ ልክ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 12 ግራም ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ልኩ በ1 ግራም ያህል ወይም ከዚያም በላይ ከፍ ይላል። ውጤቱ 12.3 ሆኖ «ደህና ነሽ» ቢባሉም ከፍታው ታስቦ እንደሆነ ይጠይቁ። የብረት ክኒን ከታዘዘልዎ ከቡናና ከሻይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያራርቁት። ደሙ ደህና ከሆነ የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ይከተላል፤ ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ሥራው የሚዛባባቸው እናቶች አሉ። ልጅዎ ተኝታ እርስዎ መተኛት ካቃተዎት፣ ደስታ ከራቀዎት ወይም ራስዎን ስለመጉዳት ካሰቡ ይህንንም ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ፤ ሕክምና አለው፣ ጡት እያጠቡ የሚወሰድ መድኃኒትም አለ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይሂዱ። የደም ምርመራውን ደግሞ በዚህ ሳምንት ያድርጉት፤ ሥራ ከጀመሩ በኋላ በመጀመሪያው ወር ፈቃድ መጠየቅ ይከብዳል።