መግለጫችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

በቤተ ሙከራ መሣሪያ ላይ አዲስ መላ የምትፈልጉ ወጣት መሐንዲሶች፣ በአሜሪካ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝና ይህን አበክሬ ልንገራችሁ። ጥሩ ፈጠራ በፓተንት ማመልከቻው ውስጥ ያለው መግለጫ ስስ በመሆኑ ብቻ ይግባኝ ላይ ሲወድቅ ማየት ያንገበግባል።

የአሜሪካ የፓተንት ሕግ በአንቀጽ 112 ማመልከቻው ፈጠራውን በጽሑፍ እንዲገልጽ ያዛል። ከገባ በኋላ አዲስ ነገር መጨመር ክልክል ነው። እንበልና የሴንትሪፊዩጅ፣ ማለትም ናሙናን በፍጥነት አሽከርክሮ የሚለይ መሣሪያ፣ ክዳን መቆለፊያ ሠራችሁ። መግለጫችሁ «ሮተሩ ሲሽከረከር ክዳኑ እንደተቆለፈ ይቆያል» ይላል፤ ሮተር የሚሽከረከረው ክፍል ነው። የፓተንት ቢሮው መርማሪ ተመሳሳይ መሣሪያ አግኝቶ ሲከለክላችሁ፣ ከዚያ ለመለየት ስትሉ በመብት ጥያቄው (ጥበቃ የምትጠይቁበትን ነገር በሚወስነው የማመልከቻ ክፍል) ላይ «ፍጥነቱ በደቂቃ ከ60 ዙር በታች እስኪወርድ ድረስ» የሚል ሐረግ ታስገባላችሁ። ቁጥሩ በሙከራ መዝገባችሁ ላይ ከነቀኑ አለ፤ በመግለጫው ግን የለም። በይግባኝ ቦርዱ ፊት «ይህንን ማንም ባለሙያ ይገምተዋል» ማለት አያድናችሁም። የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በአሪያድና ኢላይ ሊሊ ክርክር እንዳጸናው፣ መለኪያው የሙያው ሰው ሰነዱን ሲያነብ ፈጠራው በማመልከቻው ቀን በፈጣሪው እጅ እንደነበረ መረዳቱ ነው። መዝገባችሁ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ለዚህ አይረዳም።

ይህ ሲባል ቃል በቃል መጻፍ ግዴታ ነው ማለት አይደለም። ቡናን አቀዝቅዞ ስለማድረቅ የተነሳውን የ1976ቱን የወርትሃይም ውሳኔ እወደዋለሁ። የቀደመው ማመልከቻ በቡናው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን የጠጣር ነገር መጠን ከ25 እስከ 60 በመቶ ብሎ፣ 36ንና 50ን በምሳሌነት ጠቅሶ ነበር። በኋላ በመብት ጥያቄዎቹ ከቀረቡት ውስጥ ፍርድ ቤቱ ጣሪያ የሌለውን «ቢያንስ 35» አልተቀበለም፤ «ከ35 እስከ 60» የሚለውን ግን ተቀበለ። 35 የሚል ቁጥር በሰነዱ ባይኖርም ማለት ነው! ያው ውሳኔ መግለጫው ለምን እንደማይበቃ በመጀመሪያ የማስረዳት ሸክሙን በመርማሪው ላይ ጥሏል። ስለዚህ «አላገኘሁትም» ብቻ ብሎ ሲጽፍላችሁ ምክንያቱን አጥብቃችሁ ጠይቁት።

ሥዕልም አትናቁ፤ በ1991 በቫስ ካት ጉዳይ ሥዕል ብቻውን በቂ መግለጫ ሊሆን እንደሚችል ተፈርዷል።

ስትጽፉ ለእያንዳንዱ መጠን ታችና ላዩን፣ በመካከሉም የሞከራችሁትን ቁጥር አስፍሩ። ሌላ ዓይነት ቁልፍ ወይም ብረት የሚሠራ ከሆነ እሱንም ጻፉ። ከዚያ መዝገባችሁን ከረቂቁ ጎን ዘርግታችሁ በመዝገቡ ኖሮ በረቂቁ የሌለውን ሁሉ አስምሩበትና ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ለጠበቃችሁ ላኩለት።